ጀማሪ ዘላይ የፓራሹት መሣሪያ መቼ ይከራይ፣ መቼስ ይግዛ?

ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል የጀመረ ሰው ሥልጠናውን ሲያገባድድ የሚያነሣው ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ በየዝላዩ ኪራይ እየከፈልኩ ልቀጥል ወይስ የራሴን መሣሪያ ልግዛ? ጥያቄው የገንዘብ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ በፊት የልክ ጥያቄ ነው። ለልጁ ልብስ የሚገዛ ወላጅ ቁመቱ ይጨምራል ብሎ ሰፋ ያለውን ይመርጣል። ፓራሹት የሚገዛ ጀማሪ ግን ችሎታዬ ይጨምራል ብሎ አነስ ያለውንና ፈጣኑን ይመርጣል። የሰፋ ልብስ የሚያስከትለው ጉዳት የለም፤ ያለ ጊዜው የተገዛ ትንሽ ፓራሹት ግን ባለቤቱን ሊቆጣጠረው በማይችለው ፍጥነት ወደ መሬት ያመጣዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት ልክዎን ካወቁ በኋላ እንዲገዙ፣ እስከዚያው ድረስ ደግሞ በማስተዋል እንዲከራዩ ነው።

አንደኛ፦ መሣሪያው ምን ምን እንደሆነ ይለዩ

በጀርባ የሚታዘለው መሣሪያ ከሩቅ ሲታይ አንድ ቦርሳ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ለየብቻ የሚገዙና ለየብቻ የሚያረጁ አራት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰውነትን የሚይዘው ማንገቻ ከነቦርሳው ነው። ሁለተኛው በየዝላዩ የሚከፈተው ዋናው ፓራሹት ነው። ሦስተኛው ዋናው እክል ሲገጥመው የሚከፈተው ተጠባባቂ ፓራሹት ነው። አራተኛው ዘላዩ በማንኛውም ምክንያት ፓራሹቱን ሳይከፍት መሬት ሲቃረብ፣ ከፍታውንና ፍጥነቱን ለክቶ ተጠባባቂውን የሚያስከፍት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አውቶማቲክ መክፈቻ እንለዋለን።

ማንገቻና ቦርሳ ከፀሐይና ከእርጥበት ከተጠበቀ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ዋናው ፓራሹት የሚያልቀው በዝላይ ብዛት ሲሆን፣ ገመዶቹ ከጨርቁ ቀድመው ያረጃሉ። ተጠባባቂው አንድም ቀን ሳይከፈት ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ፤ ሆኖም ፈቃድ ያለው የፓራሹት ባለሙያ፣ በዘላዮች አጠራር ሪገር፣ በየጊዜው አውጥቶ መርምሮ እንደገና ማጠፍ አለበት። ይህ የጊዜ ገደብ በአሜሪካ 180 ቀን ነው፤ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ 120 ቀን ነበር። በሌሎች አገሮች 6 ወር ወይም 12 ወር የሚሆንበት አለ። አውቶማቲክ መክፈቻው ደግሞ ቢዘለልበትም ባይዘለልበትም አምራቹ የወሰነለት ዕድሜ አለው። መሣሪያውን ሲከራዩ ይህን ሁሉ የሚከታተለው አከራዩ ነው፤ ሲገዙ ግን ኃላፊነቱ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ ስለ ኪራይ ክፍያ ሲያስቡ ይህን ከግምት ያስገቡ።

ሁለተኛ፦ ሥልጠናው ሳያልቅ ፓራሹት አይግዙ

በዚህ ነጥብ ላይ የተለየ ሁኔታ የለም ብዬ እጽፋለሁ። የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር የመጀመሪያውን የዘላይነት ፈቃድ ለመስጠት ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል፤ ተማሪው በእነዚህ ዝላዮች መካከል እየቆየ አነስ ወዳለ ፓራሹት መሸጋገሩ የተለመደ ነው። በሦስተኛው ዝላይ የሚገዛ ፓራሹት በሃያኛው ዝላይ የማይሆን ሊሆን ይችላል። አንዳንዱም ሰው አሥር ጊዜ ዘልሎ ይህ ለእኔ አይደለም ብሎ ይተወዋል፤ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ሙሉ መሣሪያ ሳይኖረው ቢተው ይሻለዋል።

የተማሪ መሣሪያ ከሌላው የሚለይበትንም ነገር ማወቅ ይገባል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው የሚታወቀውን ሳይፕረስ የተባለ የጀርመን አውቶማቲክ መክፈቻ እንውሰድ። ልምድ ላላቸው ዘላዮች የተሠራው ሞዴል ተጠባባቂውን የሚያስከፍተው ዘላዩ ከመሬት በላይ 225 ሜትር ገደማ ደርሶ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ከሆነ ነው። የተማሪው ሞዴል ግን በሰከንድ 13 ሜትር ሲደርስ ይነቃል። ስለዚህ የተማሪ መሣሪያ ተከራይቶ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ በፍጥነት እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሰው፣ ዋናው ፓራሹት በደህና ተከፍቶ ሳለ ተጠባባቂው እንዲወጣበት ሊያደርግ ይችላል። ሁለት ፓራሹት በአንድ ላይ ተከፍቶ መሬት አጠገብ መገኘት ማንም የማይመኘው ነገር ነው። በሚከራዩት መሣሪያ ላይ ያለው የትኛው ሞዴል እንደሆነ ሳይጠይቁ አይታጠቁ።

ሦስተኛ፦ በእጅና በራስ ላይ የሚውለውን ቀድመው ይግዙ

ከፓራሹቱ በፊት ሊገዙ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን አልቲሜትር፣ ማለትም ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ፣ ይግዙ። ሰው በነፃ ውድቀት ላይ ሳለ ጊዜ ይምታታበታል፤ ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ የሚወርድ ዘላይ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚፈጥን፣ ከፍታውን ለማንበብ የሚያጠፋው እያንዳንዱ ሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ያስከፍለዋል። ዛሬ መርፌ ያለው፣ ነገ ዲጂታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ዓይነት እየተከራየ የሚዘል ሰው ዓይኑ አንዱንም ሳይለምድ ይቀራል። የራሱ አልቲሜትር ያለው ግን ክንዱን ሲያነሣ ምን እንደሚያይ ያውቃል። ጀማሪ ከሆኑ መርፌ ያለውን እመርጥልዎታለሁ፤ ቁጥሩ ሳይነበብ እንኳ የመርፌው አቅጣጫ ይናገራልና።

ቀጥሎ ራስን በደንብ የሚይዝ ጠንካራ ሄልሜት ይግዙ፤ የሌላ ሰው ላብ የጠጣ መሆኑን ትተን፣ የሚነቃነቅ ሄልሜት ዓይን ላይ ይወርዳል። መነጽር ርካሽ ስለሆነ ሁለት ይያዙ። ቱታው ሊቆይ ይችላል። በጆሮ አጠገብ ሆኖ በተወሰነ ከፍታ ላይ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም ጆሮ ከዓይን በፊት ከለመደ ድምፁ ባልተሰማ ቀን ችግር ስለሚመጣ፣ ዓይንዎ አልቲሜትሩን እስኪለምድ ድረስ ባይቸኩሉ ይሻላል።

አራተኛ፦ በኪራይ ዘመንዎ ልክዎን ይፈልጉ

ኪራይን እንደ ጊዜያዊ ችግር አይመልከቱት። የተለያየ ስፋትና የተለያየ አሠራር ያላቸውን ፓራሹቶች ያለ ኪሳራ የሚሞክሩበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ነው። የሚለኩበት ቀመር የክንፍ ጭነት ይባላል፤ ሙሉ ለሙሉ ታጥቀው ከአውሮፕላን ሲወጡ ያለዎትን ክብደት በፓውንድ ወስደው፣ በካሬ ጫማ ለሚለካው የፓራሹት ስፋት ያካፍሉታል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከነልብሱና ከነመሣሪያው 87 ኪሎ ቢሆን፣ ይህ 192 ፓውንድ ገደማ ነው። በ230 ካሬ ጫማ ፓራሹት ጭነቱ 0.83፣ በ210 ካሬ ጫማ 0.91፣ በ190 ካሬ ጫማ 1.01፣ በ150 ካሬ ጫማ ደግሞ 1.28 ይሆናል። ለጀማሪ ከ1.0 አይለፍ የሚለው የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በታች ሆነው ለረጅም ጊዜ እንዲቆዩ እመክራለሁ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከ190 ወደ 150 መውረድ በየማረፊያው የሚሰማ ልዩነት አለው፤ ፓራሹቱ ይፈጥናል፣ ጥምዘዛው ይሰላል፣ ስሕተት ለማረም ያለው ጊዜም ያጥራል።

መቼ ነው ልክ ተገኘ የሚባለው? የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ በአንድ ስፋት ላይ በተከታታይ ከ30 እስከ 40 ዝላይ አድርገው፣ ነፋስ በበዛበትም ነፋስ በሌለበትም ቀን ባሰቡት ቦታ አጠገብ ቆመው ማረፍ ከቻሉ፣ አሰልጣኝዎም ማረፊያዎን አይቶ ከተስማማ፣ የሚገዙት ያንኑ ስፋት ነው። ቀጥሎ የሚያምርዎትን ስፋት አይደለም።

ኪራዩ ላይ እያሉ ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት የሚያደርጉት ምርመራ በኋላ የራስዎን ሲገዙ የሚጠቅምዎት ትምህርት ነው። የተጠባባቂውን ካርድ ከኪሱ አውጥተው መቼ እንደታጠፈና ማን እንደፈረመበት ያንብቡ። አውቶማቲክ መክፈቻው በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ ዋናውን ፓራሹት ጎትታ የምታወጣው ትንሿ ፓራሹት የተያያዘችበትን ሪባን ይከተሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ባለ ቀለም ገመድ የሚታይባት አንዲት ትንሽ መስኮት ተሰፍታ ታገኛላችሁ። በመስኮቷ ቀለሙ ከታየ ትንሿ ፓራሹት አየር ለመያዝ ተዘጋጅታለች። ቀለሙ ካልታየ አጣፊው ሳያዘጋጃት ረስቷል ማለት ነው፤ እንደዚህ ወርውረዋት ቢወጡ የመጎተት ኃይል ስለማይኖራት ዋናው ላይከፈት ይችላል። ይህን ለማየት የሚፈጀው አምስት ሰከንድ ነው።

በመጨረሻ ይታጠቁና እጀታዎቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ይንኩ። የተከራዩት ማንገቻ ለሌላ ሰው ቁመት የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋናውን የሚያላቅቀውም ተጠባባቂውን የሚከፍተውም እጀታ ከለመዱት ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። እጅዎ ሳያይ እስኪያገኛቸው ድረስ ደጋግመው ይለማመዱ። ማንገቻው በጣም ከሰፋብዎ ሌላ ይጠይቁ፤ ሌላ ከሌለ ያን ቀን ባይዘሉ ይሻላል።

አምስተኛ፦ ሒሳቡን በራስዎ ልማድ ይሥሩ

ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በገንዘብ ሳይሆን በኪራይ ብዛት ማሰብ ይቀላል። የአንድ ዝላይ ኪራይን 1 ብለው ይያዙት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ያገለገለ ሙሉ መሣሪያ የ150 ኪራይ ዋጋ ቢኖረው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በ100 ቢሸጥ፣ ለተጠባባቂው ማሳጠፊያና ለጥቃቅን ጥገና በዓመት 5 ቢወጣ፣ የሦስት ዓመቱ እውነተኛ ወጪ 50 ሲደመር 15፣ ማለትም 65 ኪራይ ነው። በዓመት 10 ጊዜ ብቻ የሚዘል ሰው በሦስት ዓመት የሚከራየው 30 ጊዜ ስለሆነ፣ ቢገዛ ይከስራል። በዓመት 60 ጊዜ የሚዘል ግን በሦስት ዓመት 180 ኪራይ ስለሚቀርለት፣ ከወጪው በላይ 115 ኪራይ ያተርፋል። አዲስ መሣሪያ ሲሆን ከመግዣው እስከ መሸጫው ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የራስዎን አኃዝ አስገብተው ይሥሩት።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሰው የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኪራዩ ዋጋ ዋናውን ፓራሹት ማጠፍን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ነው። ሁለተኛው የዝላይዎ ብዛት ነው፤ የሚጽፉት ለመዝለል የተመኙትን ሳይሆን ባለፈው ዓመት በዝላይ መዝገብዎ ላይ የሰፈረውን ይሁን።

ስድስተኛ፦ ሲገዙ ያገለገለውን ያስቡ፣ ነገር ግን ሳያስመረምሩ አይክፈሉ

ለመጀመሪያ መሣሪያ ያገለገለ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ጀማሪ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ዋናውን ፓራሹት መቀየሩ አይቀርም። በትእዛዝ የሚሠራ አዲስ ቦርሳ ወራት ሊያስጠብቅ ከመቻሉም በላይ፣ በመጀመሪያው ልክ ተሠርቶ ሲመጣ ልክዎ ተቀይሮ ሊጠብቀው ይችላል።

ሲመርጡ አራቱ ክፍሎች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ያረጋግጡ። ቦርሳ የሚሠራው ለተወሰነ የዋናና የተጠባባቂ ስፋት ነው። ትልቅ ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ፓራሹት ቢገባ መዝጊያው ስለሚላላ ያለ ጊዜው ሊከፈት ይችላል፤ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ትልቅ ፓራሹት ቢታጨቅ ደግሞ አውጥቶ መክፈቱ ይከብዳል። ማንገቻው በቁመትዎ ልክ መሆን አለበት፤ በፋብሪካ ወይም በከፍተኛ ደረጃ ሪገር ሊስተካከል ቢችልም ወጪው የመግዣውን ቅናሽ ይበላዋል። ተጠባባቂው ላይ የተጻፈውን የክብደት ወሰን ያንብቡ፤ ራስዎን ስተው በአውቶማቲክ መክፈቻ የሚያርፉት በእርሱ ነውና ዋናው ትልቅ ሆኖ ተጠባባቂው ትንሽ የሆነበትን መሣሪያ አይቀበሉ። ስንት ጊዜ እንደታጠፈና እንደተከፈተም ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ፐርፎርማንስ ዲዛይንስ የተባለው አምራች ተጠባባቂዎቹ 40 ጊዜ ከታጠፉ ወይም 25 ጊዜ ከተከፈቱ ለፍተሻ ወደ ፋብሪካ እንዲመለሱ ያዛል። አውቶማቲክ መክፈቻው ላይ ያለውን የምርት ቀን አይተው ዋጋውን ለቀሩት ዓመታት ያካፍሉ፤ ሁለት ዓመት የቀረው መሣሪያ በግማሽ ዋጋ እንኳ ውድ ነው።

ዋናውን ፓራሹት ለማየት ንጹሕ ወለል ላይ ያንጥፉትና ገመዶቹን በጣትዎ መካከል እያሳለፉ ከላይ እስከ ታች ይዳስሱ። ፀጉር አውጥቶ የሻከረ ገመድ ዕድሜው እያለቀ ነው። ስፔክትራ ከተባለው ክር የተሠራ ገመድ ደግሞ አንድ የተለየ ባሕርይ አለው፤ ፓራሹቱ በተከፈተ ቁጥር ከላይ ተንሸራትቶ የሚወርደው ስላይደር የተባለ ጨርቅ በፍትጊያ ስለሚያሞቀው ቀስ በቀስ ያጥራል። የሚያጥረውም እኩል አይደለም፤ ፓራሹቱን ለማዞርና ፍሬን ለመያዝ የሚጎተቱት የመሪ ገመዶች ከሌሎቹ ቀድመው ያጥራሉ። የመሪ ገመድ ሲያጥር የፓራሹቱ ጭራ ዘወትር በከፊል እንደተጎተተ ስለሚቆይ፣ እጅዎን ወደ ላይ ቢለቁትም ፓራሹቱ ፍሬን እንደተያዘ ሆኖ ይበራል። ይህ በዓይን አይታይም። ሪገሩ ገመዶቹን እኩል ወጥሮ በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ ካለው ልክ ጋር ሲያስተያያቸው ግን ልዩነቱ በሴንቲ ሜትር ይወጣል። ይህ ማለት አይግዙት ማለት ሳይሆን፣ የአዲስ ገመድ ሙሉ ስብስብ ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ ማለት ነው።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት መሣሪያው እርስዎ ወደመረጡት ሪገር ይሂድ፤ ሻጩ የመረጠው አይበቃም። ሪገሩ ተጠባባቂውን ጭምር ከፍቶ አይቶ፣ የአምራቾችን የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያዎች በተከታታይ ቁጥሩ አመሳክሮ በጽሑፍ ይስጥዎት። የምርመራው ክፍያ የእርስዎ ይሁን። ምርመራ አልቀበልም ያለ ሻጭ ጋር ንግግሩን በዚያው ያቁሙ። ዋናውንም ከመግዛትዎ በፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢዘሉበት፣ ከየትኛውም ሰው ምክር የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ሰባተኛ፦ በራስዎ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ ዝላዮች

መሣሪያው በእጅዎ ሲገባ ከመዝለልዎ በፊት ማጠፍ ይማሩ፤ ሌላ ሰው ቢያጥፍልዎት እንኳ ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብዎት። በሥልጠና ላይ የለመዱት እጀታ በቦርሳው ጎን ከነበረና አዲሱ ከወገብ በታች በቦርሳው ግርጌ ከሆነ፣ መሬት ላይ ቆመው ወይም ማንገቻው ላይ ተሰቅለው፣ ያለማሰብ እስኪሆን ድረስ ይድገሙት። ዋናውን ፓራሹት የሚያላቅቁትን፣ በቢል ቡዝ በ1970ዎቹ የተፈለሰፉትን ሦስት ተደራራቢ ቀለበቶችም በወር አንድ ጊዜ ያላቅቁ፣ ቀለበቶቹ የተሰፉበትን ሪባን ያፍታቱ፣ የማላቀቂያውን ሽቦ ይጥረጉ፤ እንዴት እንደሚደረግ ሪገሩ ፊት አንድ ጊዜ ሠርተው ያሳዩት።

የመጀመሪያውን ዝላይ ብቻዎን ያድርጉት። ፓራሹትዎን ከፍ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ በ5,000 ጫማ ላይ እንደሚከፍቱ ለአሰልጣኙና ለአብራሪው አስቀድመው ይናገሩ፤ ከሌሎቹም በኋላ ይውጡ። ከተከፈተ በኋላ ወደ ማረፊያው አይቸኩሉ፤ እዚያው ከፍታ ላይ ሁለቱን የመሪ ገመድ እጀታዎች እስከ ታች ጎትተው ፓራሹቱ የት ላይ መብረር እንደሚያቆም ይፈልጉ፣ ከዚያ የማረፊያውን አጎታተት አምስት ስድስት ጊዜ ይለማመዱ። እጅዎ በየትኛው ከፍታ ላይ ሲደርስ ፓራሹቱ እንደሚመልስልዎት ሲገባዎት ብቻ ወደ ማረፊያው መስመር ይግቡ፤ 2,000 ጫማ ላይ ሲደርሱ ልምምዱን አቁመው ሌሎች ፓራሹቶች ያሉበትን ይመልከቱ።